የራቢአ ሰባት ደቂቃ

ቂም መያዝ የጀመርኩት በአስር ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ቂም የያዝኩበት ሰው ጌዲ የሚባል አስማተኛ ነበር። ከእሱ በኋላ በብዙ ሰው ላይ ቂም ይዣለሁ፤ የተበደልኩትን አልረሳም። ሰው «ተይው፣ አላህ ያያል» ሲለኝ «እሱም ይየው፣ እኔም ልየው» ነው የምለው። ጠበቃ የሆንኩትም ለዚሁ ይመስለኛል። ጌዲን ግን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው እግሩ ላይ ነው የምወድቀው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ አስራ ስድስት ዓመት፣ ሰበታ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ቤታችን ቡራዩ ነበር። አባቴ ዲኖ ፍራሽና ምንጣፍ ይሸጣል። አንድ እሁድ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ መጣና «ተነሱ ልበሱ፤ ዛሬ ራት ውጭ ነው፤ ትርኢትም አለ» አለን። እኔ ከክፍሌ ሶስተኛ ከወጣሁ ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳን «ጎበዝ» አላለኝም። ለካ በድብቅ ይህን ሲያዘጋጁልኝ ነው ብዬ ሁሉንም ይቅር አልኳቸውና ቀይ ጃኬቴን ለበስኩ።

የጋበዘን ጋሼ የህያ ነው። ሰበታ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። ቤታችን በመጣ ቁጥር ማስቲካ ስለሚያመጣልኝ ከዘመዶቻችን ሁሉ አስበልጬ እወደው ነበር። ያን ሳምንት ደግሞ እናቱ እትዬ ፈቲያ እኛ ጋ ሰንብተዋል። «ላግዛችሁ ብዬ ነው የመጣሁት» ይላሉ፤ የሚያግዙት ግን እህቴን ራቢአን ብቻ ነው። ራቢአ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ይከተሏታል። ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ስልኳን «ዓይን ያደክማል» ብለው በራሳቸው ቦርሳ ውስጥ አስቀመጡላት። እኔን እንዲህ የሚወደኝ ሰው የለም ብዬ ቀናሁባት።

ራቢአ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። ጥርሷን ያመማት መስሎኝ ቅርንፉድ ሰጠኋት፤ ተቀብላኝ በመዳፏ ይዛው ዋለች። ማታ ማታ አባዬና እማዬ በዝግ በር ይነጋገራሉ። አንድ ቀን አባዬ «ለሟች የሰጠሁትን ቃል በምን ዓይኔ ነው የማጥፈው?» ሲል፣ እማዬ «የሚያገባት ሟቹ አይደለም» ስትለው ሰማሁ። የሞተ ሰው ተነስቶ ሚስት ሊያገባ ፈልጎ ይሆን እንዴ ብዬ ብርድ ልብሴን እስከ አናቴ ተከናንቤ አደርኩ።

ሟቹ የየህያ አባት ነበሩ። እሳቸው ሊሞቱ ሲሉ አባዬ እጃቸውን ይዞ፣ ራቢአን ለልጃቸው እንደሚሰጥ ቃል ገብቶላቸዋል። ራቢአ ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ ጅማ የእማዬ እህት አለች። ኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ለረቡዕ ተቆርጧል። በእኛ ዘንድ ምስክሮች ልጅቷ ካለችበት ክፍል ገብተው «ፈቅደሻል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አፍራ ዝም ካለች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠርላታል። ለዓይነ አፋሮች ታስቦ የተቀመጠ መልካም ነገር ነው። ራቢአ ግን በአባዬ ፊት «አይሆንም» ብላ አታውቅም፤ ፈርታ ዝም እንደምትል ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ የተማመኑትም በዚያው ነበር። ያላት ምርጫ ረቡዕ ዕለት እዚያ ቤት አለመገኘት ብቻ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር።

አዳራሹ ገና ሳይመሽ ሞልቷል። የቤተሰብ ምሽት ስለሆነ ሕፃኑ ፊኛ ይዞ በየጠረጴዛው መሀል ይሯሯጣል። የመጥበሻ ዘይትና የወለል ሰም አንድ ላይ ይሸታል። ምግቡ እንደ ልማዱ ሁለት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ አንዱ ላይ «የሙስሊም»፣ አንዱ ላይ «የክርስቲያን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ከእኛ ጠረጴዛ ሶስት ሳምቡሳ አንስቼ በሶፍት ጠቀለልኩና ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ለራቢአ ነው። ሰው በተሰበሰበበት መብላት አፍራ ከሆነ ቤት ስንገባ ትበላዋለች ብዬ ነው።

ከዚያ ጌዲ ወጣ። ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ኮት የለበሰ፣ እጅጌው ሰፊ። «አካም ጂርቱ ሰበታ! እንዴት ናችሁ!» አለ፤ አዳራሹ በሁለቱም ቋንቋ መለሰለት። ከባርኔጣው ርግብ አወጣና «ይቺን ከየትኛው ጠረጴዛ እንደምናስቀምጣት ገና አልተስማማንም» ሲል ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ወደድኩት። ወዲያው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ባለ ቀይ ጃኬቷ፣ ነይ እስቲ። ስምሽ ማነው?»

«ሚንሃ።»

«ስንተኛ ነው የወጣሽው ሚንሃ?»

ይህን ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው ነበር። «ሶስተኛ» አልኩ፣ ማይኩን በሁለት እጄ ይዤ።

«ከፊት ነው ከኋላ?»

አዳራሹ ሳቀ። ከጆሮዬ እንቁላል አወጣ፤ እንደገና ሳቁ። ከዚያ ኪሴ ላይ የወጣውን የዘይት ምልክት አይቶ ኖሮ እጁን ሰደደ። አንድ ሳምቡሳ አወጣ። ሁለተኛውን አወጣ። ሶስተኛውን ሲያወጣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ለማየት ቆመው ነበር። «ወገኖቼ፣ ሶስተኛ የወጣችው በሳምቡሳ ነው» አለ። «ነገ ምግብ ቤት ትከፍታለች፤ አስተናጋጆች፣ ተጠንቀቁ።»

አባዬ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ። ጋሼ የህያ ጠረጴዛውን በጥፊ እየመታ ሳቀ። እትዬ ፈቲያ እንኳን ጥርሳቸው ታየ። ያልሳቁት እማዬና ራቢአ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እኔን እያዩ አልነበረም። ሌባ ተብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ «ይህን ሰውዬ ካላዋረድኩት ሚንሃ አይደለሁም» ብዬ በልቤ ማልኩ። በአስር ዓመት ዕድሜ የተማለ መሐላ ቀልድ ይመስላል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያን ያህል አምርሬ የማልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ወዲያው የጌዲ ረዳት ቤተልሄም ወደ ጠረጴዛችን መጣች። «ለአስማቱ ሳጥን አንዲት ቆንጆ እንፈልጋለን፤ ገብታ የምትጠፋ» አለች።

ጋሼ የህያ ራቢአን በክርኑ ነካ አደረጋት። «ይቺን ውሰጂ። ሙሽራ ናት።»

እትዬ ፈቲያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ተነሱ። «አብሬያት ልሂድ።»

«እትዬ፣ የሳጥኑን ምስጢር ካዩ ትርኢቱ አይጥምዎትም» አለች ቤተልሄም። «ከመጋረጃው ጀርባ እኔና እሷ ብቻ ነን። ወንድ የለም።»

«እማ፣ ተቀመጪ እንጂ፤ ሰው እያየን ነው» አለ የህያ። እትዬ ፈቲያ ቅር እያላቸው ተቀመጡ። ራቢአ ስትነሳ እማዬን አላየቻትም፤ እማዬም ቀና አላለችም። የተኳረፉ መስሎኝ ነበር።

ቤተልሄም የራቢአ የክፍል ጓደኛ እንደነበረች ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ራቢአ ስልኳ ሲወሰድባት በሁለቱ መሀል የተመላለሰችው እማዬ ናት። የህያ የት ልጋብዛችሁ ሲል «ልጆች የሚደሰቱበት፣ ያ የቤተሰብ ትርኢት ቢሆንስ» ያለችውም እማዬ ናት።

እኔ እንባዬን ልታጠብ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። መንገዱ በመድረኩ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ከመጋረጃው ኋላ ራቢአን አየኋት። ተረከዝ ያለውን ጫማዋን አውልቃ ሸራ ጫማ እያሰረች ነው። ከለስላሳ ሳጥኖቹ ጀርባ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ተቀምጣለች። ቤተልሄም እየፈጠነች ትናገራለች።

«ኋላው ይከፈታል፤ አይተሽዋል። በኩሽና በር ትወጫለሽ። ባለ ባጃጁ ጃራ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀሽ ነው። ጌዲ ሰዉን ሰባት ደቂቃ ይይዝልሻል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሰው ይነቃል።»

ራቢአ ቀና ስትል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። መጥታ ተንበረከከችልኝ። ሁለት ትከሻዬን ያዘች።

«ሚንሃዬ፣ ያየሽውን ለማንም እንዳትናገሪ። እባክሽ፣ እኔ ልሙትልሽ። ከተናገርሽ የጌዲ ትርኢት ይበላሽበታል። ሰው ሁሉ ይስቅበታል።»

ግንባሬን ሳመችኝ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መድረክ ፈርታ መስሎኝ «አይዞሽ» አልኳት።

እህቴ ብዙ አስባ፣ ብዙ አዘጋጅታ፣ የተሳሳተችው በዚህች ንግግር ብቻ ነው። እውነቱን ነግራኝ ቢሆን ምላሴን ቢቆርጡኝ አልናገርም ነበር። ልሄድ ነው፣ የህያን አልፈልግም ብትለኝ ማስቲካውን ሁሉ ፊቱ ላይ እተፋበት ነበር። እሷ ግን እውነት ለእኔ ዕድሜ ይከብዳል ብላ፣ ልጅ የሚገባው ነገር ነገረችኝ። የነገረችኝ ደግሞ ጌዲን ማዋረጃው ምን እንደሆነ ነው።

ሳጥኑ ጥቁር ነው፤ በላዩ የብር ቀለም ኮከቦች ተለጥፈውበታል። ራቢአ ገባች። ጌዲ በሩን ዘጋው፤ ሙዚቃው ጨመረ፤ ሳጥኑን በቀይ ጨርቅ ሸፈነው። ጨርቁን ገልጦ በሩን ሲከፍተው ማንም የለም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ የህያ ቆሞ አጨበጨበ። የእማዬ እጅ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

ጌዲ መፈለግ ጀመረ። የአስተናጋጁን ትሪ አነሳ፤ የአንድ ሽማግሌ ጋቢ ውስጥ አየ። ወደ እኛ ጠረጴዛ መጣና «ወንድሜ፣ ሙሽራህን አይተሃታል?» አለው የህያን። የህያ እየሳቀ ኪሱን ገለበጠለት። ጌዲ «ሙሽራ ጠፋችብኝ ብዬ ለፖሊስ ባመለክት፣ ስንተኛዋ ሙሽራ ናት ይሉኛል» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ሁሉም እንደወደደው፣ ሁሉም በእጁ እንደገባ አየሁ። ያኔ ከእማዬ እጅ እጄን መንጭቄ ወንበሩ ላይ ወጣሁ።

«ውሸቱን ነው! አልጠፋችም፤ በኩሽና በር ነው የወጣችው! ጃራ ባጃጅ ይዞ እየጠበቃት ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጌዲ አየኝ። ፊቱ የተሸነፈ ሰው ፊት መሰለኝና ልቤ ቅቤ ጠጣ። ግን ወዲያው ፈገግ ብሎ ማይኩን አነሳ። «ሳምቡሳዋን ስለወሰድኩባት ነው» አለ። «አስተናጋጅ፣ እባክህ መልስላት፤ አለበለዚያ ዛሬ ሁላችንንም ታሳስረናለች።»

ሰዉ ከመጀመሪያው ይበልጥ ሳቀ። የህያም ሳቀ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በቀልድ ያልፍ ነበር፤ ጌዲ አድኗት ነበር። እኔ ግን ሁለተኛ ጊዜ ተሳቀብኝ።

«ሻንጣም ይዛለች» አልኩ። «ሸራ ጫማም አድርጋለች።»

እማዬ አፌን በመዳፏ ያፈነችው ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው። ለባለጌነቴ መስሎኝ ነበር። የህያ ሳቁን አቆመ። ከሁሉ ቀድመው የተነሱት እትዬ ፈቲያ ናቸው፤ ቀጥሎ የህያ፤ ቀጥሎ አባዬ። ትርኢቱ መበላሸቱን ለማየት ተከተልኳቸው።

ግቢው ውስጥ አንድ አይሱዙ የመጠጥ ሳጥን ሊያራግፍ ገብቶ መውጫውን ዘግቷል። ጃራ ከባጃጁ ወርዶ ዘበኛውን ይለምናል፤ «ማሎ ኦቦ፣ ከራ ባና» እያለ የጎኑን በር እንዲከፍትለት ያሳየዋል። ዘበኛው ቁልፍ እየመረጠ ነበር። ራቢአ ባጃጁ ውስጥ ሻንጣዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስታየን አልሮጠችም። የህያ ጎንበስ ብሎ «ነይ፣ ራቱ ሳይቀዘቅዝ» አላት፣ በለሰለሰ ድምፅ። አባዬ ሻንጣውን ተቀበላት። ማንም አልጮኸም፤ ስለዚህ ምንም አልተፈጠረም ብዬ ደመደምኩ።

ጠረጴዛው ላይ ተመልሰን ተቀመጥን። ራቢአን በእትዬ ፈቲያና በየህያ መሀል አስቀመጧት። ቤተልሄም መጥታ ትርኢቱ ማለቁን ተናገረች። ከኩሽናው በኩል ጠረጴዛ የሚያዛውሩ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩ የየህያ ጓደኞች ጌዲን ነበር የያዙት። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ሰበሩ። በነጋታው ሰፈር ውስጥ ሲወራ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ለጓደኞቼ «እኔን የነካ እንዲህ ይሆናል» ብዬ አወራሁ። አስማተኛ በጣቱ እንጀራ እንደሚበላ አላሰብኩም።

ረቡዕ ምስክሮቹ መጡ። ራቢአ ያለችበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። «ፈቅደሻል ወይ ልጄ?» አሏት። ወለሉን አየች። ደግመው ጠየቋት። እኔ ከበሩ ላይ «አፍራ ነው» አልኩላቸው። ማንም ጠይቆኝ አይደለም፤ ልረዳት ፈልጌ ነው። አንደኛው ፈገግ ብለው ራሴን ዳበሱኝና ወጡ።

እማዬ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ፀጉሬን አልሠራችልኝም። ጎረቤት ትልከኛለች። ሥራ በዝቶባት ነው እል ነበር። አስራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ታማ ተኝታ ሳለች፣ ሳልጠይቃት፣ «ሻንጣውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ሁለተኛ አላነሳችውም። እኔ ግን ያን ቀን ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አየሁት፤ ቀምሼ የማላውቀውን ያህል መረረኝ። ቂሜን ከጌዲ ላይ አንስቼ የህያ ላይ ጫንኩት። የሆነ ሰው ላይ መጫን ነበረበት፤ እኔ ራሴ ልሸከመው አልቻልኩም።

ሕግ ተማርኩ። ራቢአ አስራ አምስት ዓመት ከየህያ ግቢ ብቻዋን ወጥታ አታውቅም። ሁለት ልጆች ወለደች። ለኢድ ስንሄድ ያን ምሽት እያነሳች ልጆቿን ታስቃለች፤ «አክስታችሁ ወንበር ላይ ወጥታ እንዲህ አለች» እያለች ድምፄን ትቀዳለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ትታዋለች፣ ቀልድ አድርጋዋለች እያልኩ እንቅልፌን እተኛለሁ።

አምና ራሷ መጣችና «ፍቺ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ስምንት ወር የህያን በሕግ ፊት አቆምኩት። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ጉዳዩን ለማሳጠር እችል ነበር፤ አላሳጠርኩትም። የሰበታ ነጋዴ ጓደኞቹ ምስክር ሊሆኑ በመጡበት ቀን «ባለቤትዎ ለመጨረሻ ጊዜ ብቻቸውን ገበያ የወጡት መቼ ነው?» አልኩት። አሰበ፤ ላቡን ጠረገ። «እኔ አለሁ፣ ምን ጎድሏት ትወጣለች?» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎቹም። አንገቱን ሲደፋ አይቼ፣ ተጨማሪ ሶስት ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ለጉዳዩ የማያስፈልጉ።

ባለፈው ማክሰኞ ተፈረደላት። ልጆቹም ለእሷ ሆኑ። ሱሉልታ ቤት ተከራይታለች። አዲሱ ገበያ፣ የሱሉልታ ታክሲ የሚሞላበት ድረስ ሸኘኋት። ልጆቹ ከፊታችን ይሄዳሉ። ደስታዬ ከአፌ ሞልቶ ሊፈስ ነው።

«አየሽው አይደል አንገቱን ሲደፋ?» አልኳት። «ተበቀልኩልሽ።»

«አየሁት።»

በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ያልጠየቅኋትን ያኔ ጠየቅኋት። «አሁን ይቅር ብለሽኛል?»

ቆመች። «የህያን ይቅር ብዬዋለሁ» አለች።

«የህያን?»

«እሱን ምንም አልለመንኩትም። አንቺን ግን ተንበርክኬ ለምኜሽ ነበር።»

«ራቢአ፣ አስር ዓመቴ ነበር እኮ።»

«እኔም አስራ ዘጠኝ ነበርኩ።»

ሳትቆጣ ነው የተናገረችው። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ልጆቿን አስቀድማ ታክሲው ውስጥ ገባች። በዕድሜዬ የበደለኝን አንድ ሰው እንኳን ምሬ ስለማላውቅ፣ እሷ እኔን ልትምረኝ እንደማይገባት ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ታክሲው እስኪሞላ ድረስ ከመስኮቱ ሥር ቆምኩ። ራቢአ ከልጆቿ ጋር ታወራለች። ሲንቀሳቀስ እጄን አነሳሁ፤ ልጆቹ አውለበለቡልኝ፤ እሷ ዞር ብላ አላየችኝም።